ሁለቱ ፊውዞች

ምሽት ላይ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ አንዳንዴ «ጓ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ወዲያው ሰፈሩ ድርግም ይላል። ልጆች ጩኸቱን ያቀልጡታል። ጎረቤት በአጥር በኩል «የእናንተም ሄደ?» ይባባላል። ያ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ምሰሶው ላይ፣ ከትራንስፎርመሩ ከፍ ብሎ ከተሰቀለው ፊውዝ ነው። አጭር ዘንግ የመሰለ ቱቦ ነው። ውስጡ ቀጭን ሽቦ ተወጥሯል። ከልክ ያለፈ ኃይል ሲመጣ ሽቦዋ ትቀልጣለች። በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው ብልጭታ የቱቦውን ውስጠኛ ሽፋን ሲነካው ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙም ብልጭታውን በኃይል ገፍቶ ያጠፋዋል። «ጓ!» ያለው እሱ ነው። ከዚያ ቱቦው ከላይ ይለቅና በታችኛው ማጠፊያ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሠራተኛው መሬት ላይ ቆሞ ቀና ሲል የትኛው መስመር እንደተቋረጠ ያያል። በረጅም ዘንግ ያወርደዋል፣ ሽቦዋን ይቀይራል፣ መልሶ ይሰካዋል።

ያን ድምፅ ሰምቶ የማይማረር የለም። ወጡ ምድጃ ላይ ነው፣ ስልኩ ቻርጅ አልተደረገም፣ ልጆቹ ፈተና አለባቸው። ቢሆንም ድምፁ በአብዛኛው መልካም ዜና ነው። አንዲት ቀጭን ሽቦ ቀልጣ የሰፈሩን ትራንስፎርመር አትርፋለች። ሽቦ በደቂቃዎች ይተካል። ትራንስፎርመር ሲቃጠል ግን ስንት ቀን በሻማ እንደሚመሽ የደረሰበት ያውቀዋል።

ስለዚህች ሽቦ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ፤ የቤት ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ግን ስሙን ልበል፤ ምክንያቱም ስሙ ራሱ ሁለት መንገድ ይሄዳል።

ፊውዝ የምንለው ቃል ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ፊውዝ ሁለት ነው። አንዱ የሚቀልጠው ነው፤ ቤታችን ያለው። ሌላው የሚለኮሰው ነው፤ ድማሚት ላይ የሚሰካው የእሳት ገመድ። አጠራራቸው አንድ ነው፣ ዘራቸው ግን ለየቅል። የመብራቱ ፊውዝ «ፉንደሬ» ከሚለው የላቲን ግስ ይወለዳል፤ ማፍሰስ፣ ማቅለጥ ማለት ነው። የድማሚቱ ፊውዝ ግን ከ«ፉሱስ» ነው፤ እንዝርት ማለት ነው። በጣሊያንኛ በኩል አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1600ዎቹ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። የጥንቱ የቦምብ መለኮሻ ባሩድ የተሞላ ቱቦ ነበር። ቅርጹ ፈትል የተጠመጠመበት እንዝርት ስለሚመስል ስሙ በዚያው ወጣለት።

እንዝርቱ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። እዚህ አገር እንዝርት የመዝገበ ቃላት ዕቃ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲወርድ ደጃፍ ላይ የሚፈትሉ እናቶችን እናያለን። ባዘቶው በግራ እጅ ነው። ቀኝ እጅ እንዝርቱን ጭን ላይ ሸርተት ያደርገውና ይለቀዋል። እንዝርቱ ይሾራል፤ ጥጡ ይሳባል፣ ይቀጥናል፣ ይከርራል። የተፈተለው እዚያው ይጠመጠማል። ሲሞላ ሆዱ ያብጣል፣ ሁለቱ ጫፎቹ ቀጭን እንደሆኑ ይቀራሉ። የድሮ ወታደሮች ባሩድ ቱቧቸው ላይ ያዩት ቅርጽ ይህ ነው። የአውሮፕላንን ገላ ፈረንጆች «ፊውዝላጅ» የሚሉትም ከዚሁ ከእንዝርት ነው። ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርደውን አውሮፕላን ከጎኑ ብታዩት መሃሉ ወፍራም፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው።

ከተማዋም ራሷ በብዙ ነገሯ ከፈትል ጋር ያደገች ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961 ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተቋቋመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ 11 ሜጋዋት አለፍ ይላል። ፈትሉና መብራቱ እዚህ ከተማ ውስጥ እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል። እኔ ይህን ነገር እወደዋለሁ።

ወደሚለኮሰው ፊውዝ ልመለስ። እንግሊዝ ውስጥ ኮርንዎል የሚባል የማዕድን አገር አለ። የዚያ አገር ቆፋሪዎች ድንጋይ ውስጥ ባሩድ ይቀብሩና ሸምበቆ ወይም የላባ ዘንግ ባሩድ ሞልተው ይለኩሱት ነበር። አንዳንዱ ቶሎ ይነዳል። አንዳንዱ መሃል ላይ ያንቀላፋና የጠፋ ይመስላል፤ ሰውየው ምን እንደነካው ሊያይ ሲቀርብ ይፈነዳበታል። በዚህ ብዙ ሰው አለቀ፣ ብዙ ሰው ዓይኑን አጣ። ዊልያም ቢክፎርድ ቆዳ ነጋዴ ነበር፤ የማዕድን ሰው አይደለም። ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። አንድ ቀን ገመድ ሠሪ ወዳጁ ዘንድ ሄዶ ክሮቹ እየከረሩ ገመድ ሲሆኑ አየ። ክሮቹ ሲገመዱ መሃላቸው ላይ ባሩድ ቢፈስስስ ብሎ አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1831 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ገመዱን ውኃ እንዳያስገባ ቀቡት። ከዚያ በኋላ እሳቱ በገመዱ ውስጥ በታወቀ ፍጥነት መሄድ ጀመረ። የዛሬዎቹ አንድ ሜትር ለመንደድ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይወስዳሉ። ቆፋሪው ምን ያህል ገመድ ቢቆርጥ ምን ያህል ርቆ ሊሸሽ እንደሚችል ማስላት ቻለ።

ይህ ሰው ያደረገው ነገር ፍንዳታውን ማስቀረት አልነበረም። ለሰው ጊዜ መስጠት ነበር። እሳት ቀስ ብሎ፣ በመስመሩ፣ በልክ እንዲሄድ አደረገ። ከባሩድ ጋር የተያያዘ ሥራ ሆኖ ሰው ያተረፈ ነው፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ባሕር ዳር ዙሪያ ያሉት የድንጋይ ካባዎች ሲታሰቡ ደግሞ ነገሩ ወደ መቅለጥ ይመልሰናል። የአጥራችንን ጥቁር ድንጋይ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። አንዳንዱ ቀዳዳ ጤፍ ያክላል፣ አንዳንዱ ሽምብራ። እነዚያ ቀዳዳዎች የአረፋ ቦታ ናቸው። ድንጋዩ ቀልጦ ይፈስ በነበረ ጊዜ ውስጡ የነበረው ጋዝ ሊወጣ ሲታገል ድንጋዩ ቀድሞት ደረቀ። እንዲህ ያለው ድንጋይ ሲፈስ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ጣናን በደቡብ በኩል የገደበው ይኸው ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው በዚህ ድንጋይ ላይ ነው፤ ጢስ ዓባይ ላይ የሚወረወረውም ከዚሁ ጫፍ ነው። ያ ድንጋይ ባይቀልጥ ኖሮ ጣናን ዛሬ በምናውቀው መልኩ አናገኘውም ነበር። ካባ ውስጥ በፊውዝ ለኩሰው የሚያፈነዱት ድንጋይ ራሱ አንድ ጊዜ ቀልጦ ያውቃል።

ሁለቱ ዘሮች፣ ማቅለጥና እንዝርት፣ ሳይጣሉ አብረው የሚሠሩበት አንድ ዕቃ አለን። ጧፍ ነው። ከጧፍ ውስጥ ሰሙን ብታወጡት የሚቀረው ፈትል ነው፤ እንዝርት ላይ የተከረረ ጥጥ። ፈትሉን ብቻ ብትለኩሱት በጥቂት ሴኮንድ አመድ ይሆናል። ሰሙን ብቻ ክብሪት ብትጭሩበት አልነድ ብሎ ያስቸግራል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ነበልባሉ ሰሙን ያሞቀዋል። ሰም 60 ዲግሪ አለፍ ሲል ይቀልጣል። የቀለጠው በፈትሉ ክሮች መሃል ይሳባል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይተናል። የሚነደው ትነቱ ነው። በመንገዱ ሁሉ ሰሙ ሙቀት እየወሰደ ፈትሉ ቶሎ እንዳያልቅ ይጠብቀዋል። ዘጌ ገዳማት ውስጥ በማለዳ ጧፍ ይዞ የቆመ ካህን እጁ ላይ ያለው እሳት እንዲህ በልክ የሚሄደው አንዱ ለሌላው ስለሚቀልጥለት ነው።

መቅለጥ ስንል ጥፋት ይመስለናል። አይደለም። የሚቀልጥ ነገር ሙቀት ይወስዳል፤ ወስዶም ራሱ ጋር ያስቀራል። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጡት ሰዎች ይህን በሥራ ያውቁታል። ቆሮሶውና አምባዛው ላይ በረዶ ይደፋሉ። አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ እስኪያልቅ 334 ኪሎጁል ሙቀት ይውጣል። ይህ አንድ ኪሎ ውኃ ከዜሮ ተነስቶ 80 ዲግሪ እስኪደርስ የሚፈልገው ሙቀት ማለት ነው። ያንን ሁሉ ወስዶ በረዶው ራሱ ከዜሮ ንቅንቅ አይልም። የቀትሩ ሙቀት ዓሣው ላይ ከመድረሱ በፊት በረዶው ላይ ያልቃል።

ማቅለጥ የሚለው የ«ፉንደሬ» ሌላ ልጅ ደግሞ ፊውዥን ነው፤ ሁለት ነገር ቀልጦ አንድ መሆን። ፀሐይ የምትሠራው በዚህ ነው። አራት የሃይድሮጂን አቶም እምብርቶች ተዋህደው አንድ ሂሊየም ይሆናሉ፤ ከክብደታቸው 0.7 በመቶው ጠፍቶ ብርሃንና ሙቀት ይሆናል። አሜሪካኖች ይህንኑ በቤተ ሙከራ ሲሞክሩ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በሌዘር ጨረር ተኩሰው 2.05 ሜጋጁል አስገብተው 3.15 ሜጋጁል አወጡ። ጨረሩን ለማመንጨት የፈጀው ኃይል ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ ስለዚህ ገና መብራት አይደለም። ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ እኔን ግን ዛሬ የያዘኝ ቆጣሪያችን አጠገብ ያለው ትንሹ ፊውዝ ነው።

የምንኖርበት ግቢ አሮጌ ነው። ፊውዞቹ ነጭ የሸክላ መያዣ ያላቸው፣ ሽቦ የሚታሰርባቸው የድሮዎቹ ናቸው። አከራያችንን እማማ ነው የምንላቸው። እማማ እንጀራ የሚጋግሩበት ቀን ከሆነ ፊውዙ ይሄዳል። ምጣዱ ይሰካል፣ አንዱ ተከራይ ምድጃ ይሰካል፣ ሌላው ካውያ፤ ቅጭል ይልና ጸጥ። እማማ መብራት የሚሠራ ልጅ አስጠሩ። መጣ፣ መያዣውን ነቀለ፣ አየው። ሁለቱ ብሎኖች መሃል ጥቁር ጠባሳ ነበር። ከጎኑ ጤዛ የመሰሉ ጥቃቅን የመዳብ ጠብታዎች ሸክላው ላይ ተለጥፈዋል። እኛ ሁላችን «ፊውዙ ተቃጠለ» ስንል ነበር። ጠብታዎቹ ግን የሚናገሩት ሌላ ነው። አልተቃጠለም፤ ቀልጦ ተንጠባጥቧል።

ልጁ «እማማ፣ ይሄ ቀጭን ሆኖ ነው ሁልጊዜ የሚያስቸግርዎት» አላቸው። «ወፍራም ላስርልዎት። ሁለተኛ አይጠሩኝም።»

ክፉ ልጅ አይደለም። የሚያደርገውን በየቤቱ ያደርጉታል። አንዱ የግድግዳ ሽቦ ቆርጦ ያስራል። ሌላው የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ይጠቀልላል። ሚስማር የሰካም አለ። ነገሩ እውነት ነው፤ ሁለተኛ ፊውዝ አይሄድም። የሚሄደው ሌላ ነው።

ዊልያም ፕሪስ የሚባል የብሪታንያ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የተለያየ ውፍረት ያላቸው ሽቦዎች በስንት አምፔር፣ ማለትም ምን ያህል ጅረት ሲያልፍባቸው፣ እንደሚቀልጡ ለክቶ ቀመር አወጣ። በእሱ ቀመር 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት አንዲት የመዳብ ክር በ7 አምፔር ገደማ ትቀልጣለች። ለሶኬት ግድግዳ ውስጥ የምንዘረጋው 2.5 (ካሬ ሚሊሜትር) የሚባለው ሽቦ ግን ፊውዝ ሆኖ ቢታሰር እስኪቀልጥ ወደ 190 አምፔር ይፈልጋል። ያው ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ በሰላም የሚሸከመው 20 አምፔር ገደማ ነው። በ20 እና በ190 መሃል ያለውን ሁሉ ማን ያስቆመዋል? ማንም።

በዚያ መሃል ምን እንደሚሆን ላስረዳ። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይወስዳል። 2,000 ዋት ምድጃ ሲጨመርበት 25 ይሞላል። ከ16 ወደ 25 ሲሄድ አምፔሩ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው የሆነው። ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ይጠጋል፤ ምክንያቱም ሙቀቱ የሚያድገው በአምፔሩ ካሬ ነው። አምፔሩ እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ሽቦውን የሚሸፍነው ፕላስቲክ የተሠራው ለ70 ዲግሪ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ሁለቱ ሽቦዎች ይገናኛሉ። ይህ የሚሆነው ኮርኒስ ውስጥ፣ ጭቃና ጭድ ባለበት ግድግዳ ውስጥ፣ ማንም በማያይበት ነው። አንድ ጊዜ ከተያያዘ እሳቱ ሽቦውን ይዞ ከክፍል ክፍል ይሄዳል። የመጀመሪያው ፊውዝ እንዳይቀልጥ ስለተከለከለ ቤቱ ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ሁሉ ሁለተኛው ፊውዝ ሆነ። የሚለኮሰው። ያውም ርዝመቱን ማንም ያልለካው።

ለዚህ ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚል ሕዝብ ነን። የምትቀልጠዋ ሽቦ የተሠራችው ለዚሁ ነው። ሉዊ ብሬጌ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1847 የቴሌግራፍ ጣቢያዎች በመብረቅ እንዳይጎዱ መግቢያቸው ላይ ቀጭን ሽቦ እንዲደረግ የመከረው ለዚሁ ነው። ኤዲሰን መብራቱን ለከተማ ሲዘረጋ ፊውዝ አብሮ ያስገባው፣ እ.ኤ.አ. በ1890ም በስሙ ያስመዘገበው ለዚሁ ነው። ድካሟ ሥራዋ ነው። ያን ድካም እንደ ጉድለት አይተን ስናጠነክረው የቤቱን ጠባቂ አሰናበትን ማለት ነው።

ለልጁ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። «ወንድሜ፣ ወፍራሙን አትሰር፤ በልኩ እሰርልን» አልኩት። እሱም አልተከራከረም። እማማ ግን ተገቢውን ጥያቄ ጠየቁ። «ልጄ፣ ታዲያ እንጀራውን በምን ልጋግር?»

ስለ ፊውዝ የሚመክር ሰው ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ከተነሳ ምክሩ ባዶ ነው። ሰው ወፍራም ሽቦ የሚያሳስረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሊጡ ቦክቷል፣ ልጆች ይራባሉ። ስለዚህ መልሱ ይኸው። ፊውዝ ደጋግሞ ከቀለጠ ጥፋቱ የፊውዙ አይደለም፤ መስመሩ የተጫነበትን አልቻለም። ምጣድ የራሱ መስመር ይፈልጋል። ከቆጣሪው ቀጥታ የሚመጣ 4 ወይም 6 የሚባለው ሽቦ፣ ለልኩ የሚሆን ብሬከር፣ ጠንካራ ሶኬት። ብሬከር ውስጡ የሚቀልጥ ነገር የለውም። ትርፍ ጭነት ሲቆይበት አንድ የብረት ቅጠል ሞቆ ይጎብጥና ያጠፋዋል፤ ሽቦ ከሽቦ ሲገናኝ ደግሞ ማግኔቱ በቅጽበት ይስበዋል። መልሶ ማብራት ነው፤ ሽቦ ማሰር የለም። እሱንም ግን እንዳይጠፋ በገመድ አስረው የሚያቆሙት አሉ። እባካችሁ። ደጋግሞ ከጠፋ ምክንያት አለው፤ ነቅላችሁ ፈልጉት። ሶኬቱ ከሞቀ፣ ግድግዳው አካባቢ የላስቲክ ሽታ ካለ፣ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። ዝናብ በሚመታው ደጅ ላይ በቴፕ ብቻ የተያያዘ ሽቦ ካለም ከክረምቱ በፊት አስቀይሩት።

እማማ ትንሽ አሰቡበት። ወጪውን ከተከራዮቹ ጋር ተካፈልን፤ የምጣዱ መስመር ብቻውን ገባ። ያው ልጅ ነው የሠራው፤ ሲሠራም ለብሬከሩ ልክ ተጨንቆ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። አሁን በጓዳው በር ላይ ወረቀት ለጥፈናል። ምጣድ ተሰክቶ ሳለ በዚያ ሶኬት ላይ ሌላ ነገር አይሰካም። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ ወረቀቱ ላይ ምጣድ ተሥሏል፤ አጠገቡ ካውያ በቀይ ተሰርዟል።